ድምፃችን ምስክርነታችን ነው፦ አውቆ የመምረጥ ኃላፊነት



የምርጫ ወራት በተቃረበ ቁጥር በየቁምስናው የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የመራጭነት ካርድ ፈትተው ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ያሳዩትና፣ «ልጄ፣ አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ በየትኛው ሥዕል ላይ ምልክት ላድርግ?» ይሉታል። መምህሩ ይጨነቃል። ቢነግራቸው የእሳቸውን ድምፅ እሱ ሰጠ ማለት ነው። «እማማ፣ እኔ በፖለቲካ አልገባም፤ እንደፈቀዱ ያድርጉ» ብሎ ቢያሰናብታቸው ደግሞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ያለ ምንም ጭንቀት የሚነግራቸው ሌላ ሰው አያጡም።

እኚህ እናት የጠየቁት ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ፊደል የቆጠርነውም ብንሆን ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ሰው ነግሮን እንጂ መርምረን አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ማንን እንደምንመርጥ ሳይሆን፣ ከመምረጣችን በፊት ምን ማወቅ እንደሚገባንና ይህም ለምን የሕሊና ግዴታ እንደሆነ አብረን እንመለከታለን።

1. ድምፅ መስጠት ምን ማለት ነው?

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት እንዲቋቋም ሲደነግግ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ አደረገ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ ያን ጊዜ ለመምረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የምንተዳደርበት በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንኛውም 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ያለ ልዩነት የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ምርጫውም በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ እንደሚካሄድ ይደነግጋል። ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስም ስድስት ጠቅላላ ምርጫዎች ተካሂደዋል።

እንግዲህ በ1923 ዓ.ም. «ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ» ተብሎ የነበረው ቃል ዛሬ በሕግ ተሽሯል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚሰጠን ካርዱን ነው፤ ብቃቱን አይሰጠንም። ብቃቱ ከእያንዳንዳችን ትጋት የሚመጣ ነው።

በሀገራችን ሽማግሌ ፊት ለምስክርነት የቀረበ ሰው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ያላየውን አየሁ፣ ያላረጋገጠውን አውቃለሁ ያለ ሰው የሰውን ድንበር ያስፈርሳል፣ ንጹሑን ያሳስራል፤ ስለዚህ በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት የተጠላ ነው። ድምፅ መስጠትም ከዚህ የተለየ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ምልክት ስናደርግ «ይህ ሰው በእኔና በጎረቤቴ፣ በተማሪውም በገበሬውም፣ በሕሙሙም በእስረኛውም ላይ ሕግ ለማውጣት የታመነ ነው» ብለን መመስከራችን ነው። ምስክርነቱ የሚጸናው ለ5 ዓመት ነው፤ የሚጸናውም በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ እስከ ምርጫ ጣቢያው መጋረጃ ድረስ አብሮን ይገባል። የሚቻለውን ያህል ጠይቆና መርምሮ የመረጠ ሰው ቢሳሳት ስሕተት እንጂ ሐሰት አልሠራም። ሳይጠይቅ የመረጠ ግን፣ ምርጫው በአጋጣሚ ቢሰምርም እንኳ፣ ባላወቀው ነገር መስክሯል።

2. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ስፍራ በሚናገረው ሰነድ (ቁ. 75) ዜጎች ሁሉ ለጋራ ጥቅም በነጻነት ድምፃቸውን መስጠት መብታቸውም ግዴታቸውም መሆኑን እንዲያስታውሱ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2240) የመምረጥን መብት ሥራ ላይ ማዋልን ግብር ከመክፈልና ሀገርን ከመከላከል ጋር አስተካክሎ ከሞራል ግዴታዎች መካከል ይቆጥረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ምእመናን ጥሪ በጻፉት መልእክት (ቁ. 42)፣ በፖለቲካ ውስጥ ሥልጣን ወዳድነትና ሙስና መታየቱ ክርስቲያኖች ከሕዝብ ጉዳይ እንዲርቁ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አስተምረዋል።

«ፖለቲካ ቆሻሻ ነው፤ እኛ እንጸልይ» የምንል ወገኖች ይህን ልናስተውል ይገባናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለነገሥታትና ለባለሥልጣናት ሁሉ እንድንጸልይ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 2፣1-2)። ጸሎቱ ግን ከኃላፊነት የሚያሳርፈን አይደለም። ዝናብ እንዲሰጠን የምንጸልይ ገበሬዎች ጸልየን ስናበቃ ሞፈርና ቀንበራችንን እናነሣለን እንጂ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

3. የሴኬም ሰዎች ምርጫ

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ትምህርት እንደ መስተዋት ነው። አቤሜሌክ የጌዴዎን ልጅ ሊነግሥ ፈለገ፤ ወደ እናቱ ወገኖች ወደ ሴኬም ሄዶም የሥጋ ዘመዳቸው መሆኑን እንዲያስቡ አደረጋቸው። የሴኬም ሰዎችም ወንድማችን ነው ብለው ልባቸው ወደ እርሱ አዘነበለ። ከጣዖት ቤት 70 ብር አውጥተው ሰጡት፤ እርሱም በዚያ ገንዘብ ወሮበሎችን ቀጥሮ ወንድሞቹን ፈጀ። ከዚያም አነገሡት።

ከጥፋቱ ያመለጠው ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ምሳሌ ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ ሄዱ፤ ወይራው ዘይቱን፣ በለሱ ጣፋጭ ፍሬውን፣ ወይኑም ጠጁን ትቶ መንገሥ እንደማይፈልግ ነገራቸው። በመጨረሻ እሾሁን ለመኑት፤ እርሱም ከጥላው በታች እንዲጠለሉ ጋበዛቸው፤ እምቢ ቢሉ ግን እሳት እንደሚወጣና እንደሚበላቸው ዛተ። እሾህ ለማንም ጥላ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከ3 ዓመት በኋላ በሴኬምና በአቤሜሌክ መካከል ጠብ ሆነ፤ ወደ ሺህ የሚደርሱ ወንዶችና ሴቶችም በተሸሸጉበት ግንብ ውስጥ በእሳት ተቃጠሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ስሕተቶችን እናያለን። የሴኬም ሰዎች ዝምድናን እንደ ብቃት ቆጠሩ፤ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አልጠየቁም፤ መልካሞቹ ዛፎችም የራሳቸውን ፍሬ ብቻ አስበው ራቁ። ሦስቱም ዛሬ በመካከላችን አሉ። «የእኛው ልጅ ነው» የሚለው ቃል በምርጫ ሰሞን ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰማ እናንተው ታውቃላችሁ። የእኛ ልጅ መሆኑ ወንጀል አይደለም፤ ማስረጃም ግን አይደለም።

4. በምን እንመዝን?

የሙሴ አማት ዮቶር ፍርድ የሚሰጡ አለቆችን እንዲመርጥ ሙሴን ሲመክረው አራት መለኪያዎችን ሰጥቶታል (ዘጸ. 18፣21)። እነዚህን መለኪያዎች ወደ ጥያቄ ለውጠን በእያንዳንዱ ዕጩ ፊት ልናቀርባቸው እንችላለን።

ሀ. ብቁ ነውን? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ዋና ሥራው ሕግ ማውጣት፣ የመንግሥትን በጀት መርምሮ ማጽደቅና አስፈጻሚውን አካል መቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዕጩው «ለቀበሌያችሁ መንገድ አስገባላችኋለሁ» ሲል ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና በየትኛው ምክር ቤት እንደሚወሰን እንጠይቀው። ለፌዴራሉ ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት የሚሰጠው ድምፅ የተለያየ ነው፤ የሁለቱም ሥራ የተለያየ ነው። የቀጠርነውን ሠራተኛ ሥራውን ሳናውቅ እንዴት ልንቆጣጠረው እንችላለን?

ለ. እግዚአብሔርን ይፈራልን? ይህ ማለት የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ነውን ማለት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከሀገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ፤ የእኛን ሰው ብቻ እንምረጥ ብንል የማይሆን ነው፣ ክርስቲያናዊም አይደለም። እግዚአብሔርን መፍራት የሚታወቀው ደካማውን በማክበር ነው። ዕጩው ስለ ድሃው፣ ስለ ተፈናቃዩ፣ ቋንቋው ከእኛ ስለሚለየው ጎረቤታችን ምን ይናገራል? አንዱን ሕዝብ ለማስደሰት ሌላውን የሚሰድብ አንደበት ነገ በእኛ ላይ ላለመዞሩ ዋስትና የለንም።

ሐ. እውነተኛ ነውን? ከዚህ በፊት ሹመት ይዞ ከነበረ የተናገረውንና የሠራውን እናነጻጽር። አዲስ ዕጩ ከሆነ በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በሥራ ቦታው የሚያውቁትን እንጠይቅ። በሬ ልንገዛ ገበያ ስንወጣ ጥርሱን እናያለን፣ ባለቤቱን እንጠይቃለን፣ ለማረስ መልመዱንም እናጣራለን። ለአንድ በሬ የምንደክመውን ያህል ለሕግ አውጪያችን አለመድከማችን ያሳፍራል።

መ. ጉቦን ይጠላልን? በትንሹ ያልታመነ በብዙ እንደማይታመን ጌታችን አስተምሮናል። የዕድርን ገንዘብ ያጎደለ ሰው የሀገርን በጀት ይጠብቃል ብለን ልንመሰክር አንችልም።

ከግለሰቡ ባሻገር ፓርቲውንም መመዘን ይገባል፤ ተመራጩ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከፓርቲው ጋር ነውና። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ይናገራል። ኅሊና የሌለውን ሰው መርጠን ለኅሊናው እንዲገዛ መጠበቅ ከንቱ ነው።

5. የሰማነውን እንመርምር

በቀደመው ዘመን ወሬ የሚመጣው ከገበያ ነበር፤ ዛሬ በእጃችን በያዝነው ስልክ በቅጽበት ይደርሰናል። ፈጣን መሆኑ ግን እውነተኛ አላደረገውም። አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። አንድ ነገር በተለይ የሚያስቆጣን ሲሆን ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች እንጠይቅ፦ ይህን ያየው ማን ነው? መቼና የት ሆነ? ሌላ የታመነ ምንጭስ ይህንኑ ተናግሯልን? ሥዕልና ድምፅ በብልሃት ሊቀነባበሩ እንደሚችሉም አንርሳ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃንና የጥላቻ ንግግርን ማሰራጨት በሕግ እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ለክርስቲያን ግን ሕጉ ባይኖርም ትእዛዙ አለ።

ከአንድ ወገን ብቻ አንስማ። በምርጫ ወቅት ፓርቲዎች በሕዝብ መገናኛ ብዙኃን የአየር ጊዜ ይመደብላቸዋል፤ ክርክርም ያደርጋሉ። የማንደግፈውን ወገን ክርክር እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን አንዱን ተከራካሪ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ የለም።

6. ስጦታና ፍርሃት

ዘይትና ስኳር ተሰጥቶት ድምፁን የሸጠ ሰው፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ስኳሩ በሳምንት ያልቃል፤ ሕጉ ግን 5 ዓመት ይኖራል። ችግር እንዳለብን እናውቃለን፤ የቸገረውን ሰው ልንነቅፍ አይደለም የምንናገረው። ይልቁንም ድሃ ወንድማችን ድምፁን እንዲሸጥ የሚያስገድደውን ረሃብ አስቀድመን ካልተካፈልነው የምንወቀሰው እኛም ነን።

ሌላው ፈተና ፍርሃት ነው። «ማንን እንደመረጥህ ይታወቃል» እያሉ የሚያስፈራሩ ይኖራሉ። ድምፅ የሚሰጠው ግን በመጋረጃ ተከልሎ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ስማችን አይጻፍም። ማንበብ የማይችሉ ወይም ማየት የተሳናቸው ራሳቸው የመረጡትን ረዳት ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ረዳቱም ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ደንግጓል፤ የምዝገባውን ጊዜና አፈጻጸም ግን በየምርጫው ቦርዱ ከሚያወጣው መግለጫ መከታተል ያስፈልጋል። ሳይመዘገቡ ቀርተው በምርጫው ዕለት የሚጸጸቱ ጥቂቶች አይደሉምና።

7. የመምህሩ ድርሻና ወሰኑ

በቤተ ክርስቲያን ቀኖና መሠረት ካህናት በፖለቲካ ፓርቲዎች ውስጥ ንቁ ተሳትፎ አያደርጉም፤ የምርጫ ሕጉም በአምልኮ ስፍራ ቅስቀሳን ይከለክላል። ምእመናን ግን ዕጩ ሊሆኑም፣ ፓርቲ ሊደግፉም፣ ሊታዘቡም ይችላሉ፤ ይህ የራሳቸው ጥሪ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ምእመን ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን ስም ቆሞ ሲያስተምር የፓርቲ ቃል ከአፉ ሊወጣ አይገባም። ሰው የሚያምነው ለወንጌል ብሎ ነው፤ ያን እምነት ለሌላ ነገር ማዋል አደራ መብላት ነው።

ታዲያ ካርዳቸውን ይዘው ለመጡት እናት ምን ይመልስላቸው? ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ይጋብዛቸው። «እማማ፣ የትኛውን እንደሚመርጡ እኔ አልነግርዎትም፤ ድምፁ የእርስዎ ነው። ግን ስለ እነዚህ ሰዎች የሰሙትን ይንገሩኝ፤ ያልሰሙትንም አብረን እንጠይቅ» ይበላቸው። የእያንዳንዱን ዕጩ ምልክት በእኩል ያሳያቸው፤ እያንዳንዱ ያለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያንብብላቸው። ከዚያም አራቱን የዮቶር መለኪያዎች ያስታውሳቸው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሰው መመዘን አያቅታቸውም፤ ዕቁብ ሰብሳቢ ሲመርጡ፣ ለልጃቸው ሚስት ሲያጩ፣ ጎረቤት ሲያስታርቁ ኖረዋል። የጎደላቸው ማስተዋል ሳይሆን መረጃ ነው።

8. ምርጫው ካለፈ በኋላ

በ1997 ዓ.ም. ሕዝባችን የፓርቲዎችን ክርክር በየቤቱ ተሰብስቦ ተከታተለ፤ በምርጫውም ዕለት ረጅም ሰልፍ ይዞ ዋለ። ውጤቱ ባስነሣው ውዝግብ ግን በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ፤ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን የአጣሪ ኮሚሽን ምርመራ አሳይቷል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ በጦርነት ላይ የነበረው የትግራይ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም፤ በጸጥታ መደፍረስና በዝግጅት ጉድለት ምክንያት ሌሎች በርካታ የምርጫ ክልሎችም በዚያን ዕለት አልመረጡም። ከእነዚህም የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መርጠዋል።

ይህን የምናነሣው የማንንም ቁስል ለመነካካት አይደለም። ካርዱ በእጃችን መኖሩ እንደ ተራ ነገር የማይቆጠር መሆኑን፣ ከምርጫውም በኋላ ጎረቤታችን ጎረቤታችን ሆኖ እንደሚቀር ለማስታወስ ነው። የመረጥነው ቢያሸንፍ አንታበይ፤ ቢሸነፍ ቅሬታችንን በሕግ መንገድ እናቅርብ። የተመረጠውንም ለ5 ዓመት አንርሳው፤ መራጩ ሕዝብ እምነት ያጣበት ተወካይ ከምክር ቤት አባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ደንግጓል። አውቆ የመረጠ ሰው ምን ቃል እንደተገባለት ያውቃልና መጠየቅም ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. መሳፍንት ምዕራፍ 9ን አብራችሁ አንብቡ። ከሴኬም ሰዎች ሦስት ስሕተቶች በአካባቢያችን የሚበረታው የትኛው ነው?
ለ. ባለፈው የመረጥነውን ተወካይ ስም እናውቃለንን? በምክር ቤት ምን እንደሠራስ?
ሐ. በቅርቡ ሰምተን ለሌላ ካስተላለፍነው ወሬ መካከል ሐሰት ሆኖ የተገኘ አለን? ጉዳቱን ለማረም ምን አደረግን?
መ. ማንበብ የማይችሉ የቁምስናችን አባላት ስለ ሁሉም ዕጩዎች በእኩል እንዲሰሙ ምን ልናዘጋጅ እንችላለን?

ለሰሎሞን አስተዋይ ልብን የሰጠ አምላክ፣ ለሕዝባችን መልካሙንና ክፉውን የሚለይ ልቡና ይስጥልን፤ ምስክርነታችንም በፊቱ የታመነ እንዲሆን ይርዳን። አሜን።